ትልልቅ ደንበኞችን ከጋዝ ቧንቧ መረብ ጋር የማገናኘት የአዋጭነት ጥናት

ትልልቅ ደንበኞችን ከጋዝ ቧንቧ መረብ ጋር የማገናኘት የአዋጭነት ጥናት ማለት አንድ ፋብሪካ፣ የኃይል ማመንጫ ወይም ሌላ ብዙ ጋዝ የሚፈጅ ድርጅት ወደ ቧንቧ መረብ ልግባ ብሎ ሲጠይቅ፣ ወይም ቧንቧው ራሱ ለእርሱ ሲባል ሊዘረጋ ሲታቀድ፣ ነገሩ በቴክኒክ ይቻል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣና ወጪውን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ የሚመረምር ሥራ ነው። በኢትዮጵያ እስካሁን ለከተማ ቤቶች ጋዝ የሚያከፋፍል የቧንቧ መረብ የለም። ስለዚህ በአገሪቱ የጥናቱ ዋና ምሳሌ በሶማሌ ክልል ከሚገኙት ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ቦታዎች ወደ ጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የታቀደው መስመር ነው። ይህ መጣጥፍ ያንን መስመር ይዞ ያው ስሌት ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከቦንጋ አካባቢ የቡናና የሻይ ምድር ሲደርስ ምን መልስ እንደሚሰጥም ያሳያል።

በአማርኛ «ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ለኩራዝ የሚሆነውን ነጭ ጋዝ ወይም በሲሊንደር የሚሸጠውን ቡታ ጋዝ ነው። እዚህ ጋዝ የሚባለው ግን ከመሬት ውስጥ የሚወጣውና አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን የሆነው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ አንድ ኪዩቢክ ሜትር የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ሙቀት ጋር በጣም የተቀራረበ ነው፤ ሁለቱም 36 ሜጋ ጁል አካባቢ ናቸው። ከታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በዚህ መተርጎም ይቻላል።

ትልቅ ደንበኛ ለምን ለብቻው ይጠናል

ጋዝ በቧንቧ በሚደርስባቸው ከተሞች አንድ አዲስ ቤት ሲገናኝ ማንም የአዋጭነት ጥናት አያካሂድም። አንድ ሺህ ቤቶች በአንድ ጊዜ ወጥ አይሠሩም፤ አንዱ ምድጃውን ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል። የሺህ ቤቶች ፍላጎት ድምር ዝግ ብሎ የሚለወጥና ከልምድ የሚገመት ነው። ፋብሪካ ግን አንድ ቫልቭ ነው። ሲከፈት ከአንድ ወረዳ ቤቶች ሁሉ የበለጠ ጋዝ በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲዘጋም ያን ሁሉ ፍሰት በአንድ ጊዜ ያቆማል። ሁለቱም በመስመሩ ላይ ላሉት ሌሎች ደንበኞች ግፊት መዛባት ምክንያት ይሆናሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። ቧንቧ ከተቀበረ በኋላ ተቆፍሮ ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም። ለአንድ ፋብሪካ የተዘረጋ መስመር ፋብሪካው ከተዘጋ ዋጋው የብረት ቁራጭ ዋጋ ነው። በዚህ የተነሳ ባለመስመሩ «ጋዙን ባትወስደውም የተስማማነውን መጠን ያህል ትከፍላለህ» የሚል ውል ይጠይቃል። ባለፋብሪካውም በበኩሉ ጋዙ ካልመጣ የሚካስበትን ይጠይቃል። ጥናቱ ለዚህ ድርድር ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑትን ቁጥር ማቅረብ አለበት።

በአፍሪካ ትልልቆቹ መስመሮች የተዘረጉት በዚህ መንገድ ነው። ከሞዛምቢክ ቴማኔ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሴኩንዳ የሚደርሰው 865 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ሳሶል የተባለው ኩባንያ በዚያኛው ጫፍ ጋዙን የሚወስድ ግዙፍ ፋብሪካ ስለነበረው ነው። በዚያው ዓመት በታንዛኒያ ከሶንጎ ሶንጎ ደሴት ወደ ዳሬ ሰላም የደረሰው መስመርም መነሻው የኡቡንጎ ኃይል ማመንጫና የዋዞ ሂል ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበሩ። አነስተኛ ፋብሪካዎች በኋላ ተከትለው ገቡ። በሙያው እንዲህ ያለው የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኛ «መልሕቅ ደንበኛ» ይባላል።

ከደንበኛው የሚፈለገው መረጃ

የጥናቱ ግማሽ ሥራ ደንበኛውን መጠየቅ ነው። በዓመት ስንት ኪዩቢክ ሜትር ይፈልጋል? ይህ ጥያቄ የሽያጩን ገቢ ይወስናል። ግን የቧንቧውን ስፋት የሚወስነው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ፋብሪካው ከሁሉ በላይ በሚሠራበት ሰዓት ስንት ይወስዳል? ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። የዓመቱ አማካይ የሰዓት ፍጆታ ለከፍተኛው የሰዓት ፍጆታ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት የጭነት ምጣኔ ይባላል። ሌት ተቀን የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ የጭነት ምጣኔው ወደ አንድ ይጠጋል። በዓመት ሦስት ወር ብቻ የሚሠራ የቡና ማድረቂያ ግን ከሩብ በታች ነው። ቧንቧው ለሁለቱም በከፍተኛው ሰዓት ልክ መሠራት አለበት፤ ለቡናው የተሠራው ቧንቧ ግን ዘጠኙን ወር ያለ ሥራ ይተኛል።

ቀጥሎ ግፊት ይጠየቃል። ለማፍያ ምድጃ ዝቅተኛ ግፊት ይበቃል፤ የጋዝ ተርባይን ግን ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ መስመሩ ያንን ካልሰጠ ደንበኛው የራሱን መጭመቂያ ማቆም ይኖርበታል። ከዚያ ደግሞ ጋዙ ለጥቂት ሰዓታት ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ሌላ ነዳጅ በመጠባበቂያ የያዘ ፋብሪካ «አስፈላጊ ሲሆን አቋርጡኝ፣ በዋጋ ግን ቀንሱልኝ» የሚል ውል ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለ ደንበኛ መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ስለማይቆጠር ያለ አዲስ ቧንቧ ሊገናኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ «አይቻልም» የተባለ ጥያቄ ወደ «ይቻላል» የሚለወጠው በዚች አንድ ጥያቄ ነው።

ደንበኞች ፍላጎታቸውን አጋንነው የመናገር ልማድ አላቸው፤ ኋላ ከማጣት ይሻላል ብለው ነው። ስለዚህ ጥሩ አጥኚ የተነገረውን ብቻ ይዞ አይሄድም። የማፍያውን አቅም፣ የዓመቱን ምርት፣ ያለፉትን ዓመታት የናፍጣ ወይም የማገዶ ወጪ አይቶ ያመሳክራል።

የግፊትና የፍሰት ስሌት

ይህ የጥናቱ ቴክኒካዊ ልብ ነው። በቧንቧ የሚሄድ ውሃ በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ይነዳል። ጋዝ ግን ሲጨመቅ ስለሚታመቅ፣ ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድም እየሰፋ ስለሚፈጥን፣ ሕጉ ይለያል። በረጅም የከፍተኛ ግፊት መስመር ላይ የፍሰቱ መጠን የሚወሰነው በመነሻው ግፊት ስኩዌርና በመድረሻው ግፊት ስኩዌር መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ፍሰቱ የዚህ ልዩነት ስኩዌር ሩት ያህል ይጨምራል። ግፊቱ እዚህ ከባዶ ዜሮ የሚቆጠረው ነው፤ ጌጅ ላይ የሚነበበው አይደለም።

በቁጥር ሲታይ ይቀላል። አንድ መስመር በ40 ባር ይነሳና ጫፉ ላይ ላለ ፋብሪካ በ30 ባር ይደርሳል እንበል። የ40 ስኩዌር 1,600 ነው፤ የ30 ስኩዌር 900 ነው፤ ልዩነቱ 700። አሁን አዲስ ደንበኛ በጫፉ ላይ ተጨምሮ ጠቅላላው ፍሰት በ30 በመቶ ይደግ ቢባል፣ ልዩነቱ በ1.3 ስኩዌር፣ ማለትም በ1.69 ተባዝቶ ወደ 1,183 መድረስ አለበት። ያን ጊዜ በጫፉ የሚቀረው ግፊት የ417 ስኩዌር ሩት፣ ወደ 20 ባር ገደማ ነው። ነባሩ ፋብሪካ በውሉ ከ25 ባር በታች እንዳይደርሰው ተስማምቶ ከሆነ አዲሱ ደንበኛ ሊገናኝ አይችልም። 25 ባርን ጠብቆ በመስመሩ ላይ የሚጨመረው ፍሰት 18 በመቶ ብቻ ነው። ፍሰቱን በእጥፍ ማሳደግ ደግሞ መድረሻው ላይ ግፊቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ አይቻልም፤ 2,800 ልዩነት ያስፈልጋል፣ ያለው ግን በጠቅላላው 1,600 ነው። «ቧንቧው አለ፣ አንድ ቅጥያ ብቻ ነው» የሚለው አስተሳሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ከሦስት አንዱ ነው፤ መነሻው ላይ ግፊት መጨመር (ቧንቧው የሚችል ከሆነ)፣ መሃል ላይ መጭመቂያ ጣቢያ መትከል፣ ወይም ከነባሩ ጎን ሌላ ቧንቧ መዘርጋት። የቧንቧ ስፋት ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ የውስጥ ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲጨምር የሚያስተላልፈው ጋዝ ከአምስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በዚህ የተነሳ ገና ሲሠራ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መቅበር በኋላ ሁለተኛ ከመቅበር በእጅጉ ይረክሳል። ነገር ግን ያ ሰፋ ያለው አቅም ገዢ እስኪያገኝ ድረስ ወለዱን የሚከፍል ሰው ያስፈልገዋል።

መስመሩ አንድ ብቻ ካልሆነና ቀለበቶች ያሉት መረብ ከሆነ፣ ጋዙ በየት በኩል እንደሚሄድ በእጅ መናገር አይቻልም። መረቡ እንደ ግራፍ ይወሰዳል፤ መገናኛዎቹ ነጥቦች፣ ቧንቧዎቹ ጠርዞች ናቸው። በእያንዳንዱ ነጥብ የሚገባው ከሚወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያ የስኩዌር ግፊት ልዩነቶች ድምርም ዜሮ መሆን አለበት። ሃርዲ ክሮስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን በወረቀትና በእርሳስ እየደጋገሙ በማረም የሚፈታበትን ዘዴ አወጣ። የዛሬ ፕሮግራሞች ሁሉንም ነጥቦች በአንድ ማትሪክስ ይዘው በኒውተን ዘዴ ይፈቱታል፤ የኮምፒውተር ተማሪ በሁለት መቶ መስመር ኮድ ሊጽፈው የሚችል ነው። ከባዱ ነገር ስሌቱ ሳይሆን ትክክለኛ መረጃ ማስገባቱ ነው። የቆየ ቧንቧ ውስጡ ምን ያህል እንደሻከረ፣ የትኛው ቫልቭ በግማሽ እንደተዘጋ ካልታወቀ ማትሪክሱ ቆንጆ ስህተት ይሰጣል።

ይህ ስሌት ፍሰቱ በሰዓታት ውስጥ የማይለወጥ እንደሆነ አድርጎ ያስባል። ረጅም ቧንቧ ግን ራሱ ማጠራቀሚያ ነው፤ ሌሊት በግፊት ተሞልቶ ቀን የሚጨምረውን ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል። ደንበኛው ማፍያውን በቀን አሥር ሰዓት ብቻ የሚያነድ ከሆነ፣ ጥናቱ በየደቂቃው ወይም በየሩብ ሰዓቱ ግፊቱ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚወጣ የሚያሳይ ሁለተኛ ስሌት ይጨምራል። በመጀመሪያው ስሌት የወደቀ ጥያቄ አንዳንዴ በሁለተኛው ያልፋል።

ከካሉብ ወደ ጎዴ

በካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባካሄደው ቁፋሮ ነው፤ ሂላላም በዚያው ዘመን ተገኘ። በደርግ ጊዜ የሶቪየት ቆፋሪዎች በአካባቢው ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፈሩ። ከዚያ በኋላ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ የማሌዥያው ፔትሮናስም መጥቶ ሄደ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ስምምነት ፈረመ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጅቡቲ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቧንቧ እስከ ጅቡቲ ወደብ እንዲዘረጋ ተስማሙ፤ ጋዙ እዚያ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ወደ ውጭ እንዲላክ ነበር የታሰበው። ያ ቧንቧ አልተዘረጋም።

ጋዙ ለግማሽ ምዕተ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነት፣ የጸጥታ ችግር፣ የኩባንያዎች መለዋወጥ። በአዋጭነት ጥናት ዓይን ሲታይ ግን አንድ ጎልቶ የሚታይ ነገር አለ፤ በአቅራቢያው የሚወስደው ትልቅ ደንበኛ አልነበረም። አዲስ አበባ ሩቅ ናት፤ ባሕሩም ሩቅ ነው።

አሁን ያለው ዕቅድ ደንበኛውን ወደ ጋዙ የማምጣት ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረሙ። ወጪው እስከ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የዓመት ምርቱ እስከ 3 ሚሊዮን ቶን፣ ድርሻው ለዳንጎቴ 60 በመቶ ለኢትዮጵያው ወገን 40 በመቶ ነው። ጋዙን ከሂላላና ከካሉብ የሚያመጣ 108 ኪሎ ሜትር ቧንቧም የዕቅዱ አካል ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ በዚያው ቀን በካሉብ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፤ አቅሙ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር እንደሆነ ተገልጿል።

እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት ይመቻሉ። አንድ ቶን ዩሪያ ለማምረት በዘመናዊ ፋብሪካ ወደ 23 ጊጋ ጁል ጋዝ ያስፈልጋል ተብሎ ቢወሰድ፣ 3 ሚሊዮን ቶን በዓመት ወደ 1.9 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ይህ በሰዓት ወደ 220 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ፋብሪካው ለጥገና ካልቆመ በቀር ሌት ከቀን አንድ ዓይነት ነው። ለ108 ኪሎ ሜትሩ ሲካፈል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ቧንቧ በዓመት ወደ 17.6 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ይደርሳል። ለማስረዳት ብቻ አንድ ኪሎ ሜትር 1 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ በየዓመቱም ከካፒታሉ 10 በመቶ መመለስ አለበት ቢባል፣ የማጓጓዣው ወጪ በኪዩቢክ ሜትር ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ስለ ቧንቧው ብዙ አያከራክርም። ክርክሩ በጋዙ ዋጋ፣ በውሉ ዘመንና በፋብሪካው ላይ ይሆናል።

በደቡብ ምዕራብ ያሉ ትልልቅ የሙቀት ደንበኞች

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ አሁን ከአማን ጋር ሚዛን አማን የምትባለው፣ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቴፒ በሸካ ዞን፣ ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ናት። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በዚሁ አካባቢ ናቸው፤ ከቦንጋ ጎን ደግሞ የውሽውሽ የሻይ ልማት አለ።

የጋዝ ጥናት ለሚያደርግ ሰው በዚህ ምድር ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ደንበኛ ቡና ሳይሆን ሻይ ነው። የሻይ ቅጠል ከተለቀመ በኋላ ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ በመጨረሻም በሞቃት አየር ይደርቃል፤ ይህን በፀሐይ መሥራት አይቻልም። ውሽውሽ ለዚህ ሙቀት የራሱን የባሕር ዛፍ ደን ተክሎ በማገዶ ይጠቀማል። ለምሳሌ በዓመት 3 ሺህ ቶን ሻይ የሚያወጣ ፋብሪካ እንውሰድ (ይህ የማንም ፋብሪካ ትክክለኛ ቁጥር አይደለም)። ለአንድ ኪሎ ሻይ 20 ሜጋ ጁል ቢታሰብ ፍላጎቱ በዓመት ወደ 1.7 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ፣ በከፍተኛው ሰዓት 400 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ይሆናል። በማገዶ ሲታሰብ ወደ 5 ሺህ ቶን እንጨት ነው። አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ በዓመት 15 ቶን ቢሰጥ ከ330 ሄክታር በላይ ደን ለምድጃው ብቻ ይያዛል።

ቡናው የተለየ ጠባይ አለው። በመፈልፈያ ማሽን ተፈልፍሎ የታጠበው ቡና ከነገለፈቱ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ከግማሽ በላይ ተነስቶ ወደ 12 በመቶ መውረድ አለበት። አካባቢው በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ነው፤ የመልቀሚያው ወራት ሲጀምሩም ዝናቡ ገና አላባራም። ሠራተኞች ዳመና በመጣ ቁጥር ቡናውን በሸራ ይሸፍናሉ፣ ይገልጣሉ፤ ዘግይቶ የደረቀ ቡና ይሻግታል፣ ደረጃውም ይወርዳል። የማሽን ማድረቂያ ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ቶን ደረቅ ቡና ለማግኘት ወደ 950 ኪሎ ውሃ መትነን አለበት፤ ግማሹ ሙቀት ይባክናል ቢባል 130 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ጋዝ ይበቃል። 1 ሺህ ቶን የሚያደርቅ ጣቢያ በዓመት 130 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር ብቻ ይፈልጋል፤ ያውም በሦስት ወር ውስጥ። ለባለጣቢያው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለቧንቧ ባለቤት ግን ከማዳበሪያ ፋብሪካው የአንድ ሰዓት ፍጆታ ያነሰ ነው።

ካሉብ ከቦንጋ በአየር መስመር ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሃያ እንደዚያ ያለ የሻይ ፋብሪካ በደቡብ ምዕራብ ቢኖር እንኳ (የለም) ጠቅላላ ፍላጎታቸው 34 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ነው። በ950 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 36 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር ገደማ፤ ከጎዴው መስመር በአምስት መቶ እጥፍ ያነሰ። ከላይ በተጠቀምንበት የወጪ ግምት የማጓጓዣው ዋጋ ብቻ በኪዩቢክ ሜትር 2.8 ዶላር ይሆናል። ለዚህ ትንሽ ፍሰት ቀጭን ቧንቧ ስለሚበቃ ወጪው በአምስት ቢካፈል እንኳ ከግማሽ ዶላር በላይ ነው፤ ጋዙ ራሱ ገና ሳይገዛ። መስመሩ ደግሞ የስምጥ ሸለቆንና የኦሞን ተፋሰስ ገደላገደሎች ማቋረጥ፣ ከዚያም በካፋና በሸካ ደኖች አጠገብ ማለፍ ይኖርበታል። ሁለቱም በዩኔስኮ የተመዘገቡ የባዮስፌር ክልሎች ናቸው፤ ካፋ በ2002፣ ሸካ በ2004 ዓ.ም.። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረትም መሬቱ ለሚወሰድበት ባለይዞታ ካሳ ያስፈልጋል። አጥኚው እዚህ ድረስ ሳይመጣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያቆማል።

ይህ ማለት ጋዝ ለደቡብ ምዕራብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የጎዴው ፋብሪካ ዩሪያ ለሸካ በቆሎ ሊደርስ ይችላል። ማዳበሪያ በከረጢት የተጓጓዘ ጋዝ ነው ማለት ይቻላል፤ ጋዙን ወደ ዕቃ ለውጦ በመኪና መላክ ደግሞ ለትንሽ ገበያ ከቧንቧ ይረክሳል። በቡናው ምድር አቅራቢያ፣ በኢሉባቦር ያዩ፣ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ለማምረት በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ መቆሙ ይታወቃል።

ቧንቧ ካልደረሰ

ሁለተኛው አማራጭ ፈሳሽ ጋዝ በቦቴ መኪና ማምጣት ነው። ጋዙ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ይዘቱ ወደ 600 እጥፍ ይቀንሳል። 40 ሺህ ሊትር የሚይዝ አንድ ቦቴ 24 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ይሸከማል። ለምሳሌ የወሰድነው የሻይ ፋብሪካ በዓመት 70 ቦቴ፣ የቡናው ጣቢያ በመኸሩ ወራት 5 ወይም 6 ቦቴ ይበቃዋል። ከካሉብ በጅጅጋና በአዲስ አበባ በኩል እስከ ሚዛን መንገዱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር አያንስም። የሚገርመው የቦቴው የራሱ ነዳጅ ትልቁ ወጪ አለመሆኑ ነው፤ ደርሶ መልስ 1,500 ሊትር ናፍጣ ገደማ ቢፈጅ ከተሸከመው ኃይል 6 በመቶ ያህል ነው። ከባዱ ሌላው ነው፤ ቦቴው በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ቀን፣ በደንበኛው ግቢ የሚቆመው ልዩ ታንክና ማትነኛ፣ ታንኩ ውስጥ ቆሞ ቀስ በቀስ የሚተነው ጋዝ። የቡና ጣቢያ ለዘጠኝ ወር የማይጠቀምበትን ታንክ መግዛት አለበት። ለዚህ ሻይ ከቡና የተሻለ ደንበኛ ነው፤ ግን ሻይ በራሱ ግቢ የሚያበቅለው ማገዶ አለው፣ ያንን ትቶ ጋዝ የሚገዛበት ምክንያት ደኑ የያዘው መሬት ለሌላ ነገር ሲፈለግ ብቻ ይመስላል።

ሦስተኛው አማራጭ ኤሌክትሪክ ነው። ለአካባቢው ቅርቡ መረብም እርሱ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ (184 ሜጋ ዋት)፣ ጊቤ ሁለት (420) እና ጊቤ ሦስት (1,870) በጊቤና በኦሞ ተፋሰስ ናቸው፤ የኮይሻ ግድብም በዚያው ወንዝ እየተሠራ ነው። የጥናቱ አሠራር ያው ነው፤ ግፊት በቮልቴጅ ይተካል፣ ቧንቧ በሽቦ፣ የግፊት መውደቅ በቮልቴጅ መውደቅ። የማትሪክሱ አፈታት እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ሽቦ እንደ ረጅም ቧንቧ በውስጡ ምንም አያጠራቅምም፤ መስመሩ ሲቋረጥ በዚያችው ሰከንድ ሁሉም ይቆማል።

ከላይ የታሰበው ሻይ ፋብሪካ ሙቀቱን ሁሉ በኤሌክትሪክ ቢያገኝ፣ በዓመት 6,000 ሰዓት ቢሠራ አማካይ ጭነቱ ከ3 ሜጋ ዋት በታች ነው። የቡናው ማድረቂያ ለ90 ቀን በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ ከ1 ሜጋ ዋት ያነሰ ይሆናል። ሁለቱም ጭነቶች በመካከለኛ ቮልቴጅ፣ ማለትም በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር የሚሸፈኑ ናቸው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈልግ ደንበኛ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በማከፋፈያ መስመር የሚያገኝ ደግሞ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ይነጋገራል። ጥያቄው ሲቀርብ ቀድሞ የሚታየው ከጣቢያው እስከ ሰብስቴሽኑ ያለው ርቀት ነው፤ ረጅም የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ጫፍ ላይ ያለ ማድረቂያ ማታ ቤቶች ሁሉ መብራት በሚያበሩበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርድበታል። ለማድረቂያ ይህ ጉዳይ ከዋጋው በላይ ሊሆን ይችላል። በግማሽ የደረቀ ቡና ከበሮው ውስጥ ለሁለት ቀን ከቆመ አልጋ ላይ ከነበረው የባሰ ይበላሻል። ስለዚህ የጣቢያው ባለቤት አጥኚውን መጠየቅ ያለበት በኅዳር ወር ማታ መስመሩ ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ሰዓት እንደሚቋረጥ ነው፤ አልጋዎቹንም ከማፍረሱ በፊት።